ስምንት ቀንስ

ወሬውን የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነው። ጠዋት ስገባ በሩ ላይ አስቆመኝና፣ መናኸሪያ አካባቢ ሲዞር የሚውል አንድ ሽማግሌ ተከራይቶ በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ሞቶ መገኘቱን አወራልኝ። አከራይዋ ወገኑን እየፈለገች ነው፤ ድሮ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር ስለሚባል ወደ እኛ ልካለች። ስሙ ማነው ብዬ ጠየቅኩት። ዘበኛው ትከሻውን ሰበቀ። «ስሙንማ ማን ያውቃል፤ ስምንት ቀንስ ነው የሚሉት» አለኝ።

እኔ አውቃለሁ። ስሙ ደምሴ ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ ዘበኛው አዲስ ስለሆነ አልደረሰበትም። ስምንት ቀንስ የሚለውን ስም ደግሞ፣ ሳላስበው፣ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ሶዶ የመጣው በጉልምስናው ነው። አላገባም፣ አልወለደም፣ ቤት አልሠራም። ወላይትኛ ከ«ሳሮ» እና ከ«ጋላታይስ» አላለፈለትም፤ ሰላምታና ምስጋና ካወቅኩ ምን ይጎድለኛል ይል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራጫ ጋዋኑን እሁድ ብቻ የሚያወልቅ የሚመስል ሰው ነው። የስቶሩን ቁልፎች ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ወገቡ ላይ ያስራል፤ ሲራመድ ቀድሞት የሚሰማው የቁልፉ ድምፅ ነው።

ቆጣቢነቱን ያልቀመሰ የለም። እኔ መዝገብ ቤት እንደተቀጠርኩ ሰሞን እስክሪብቶ አለቀብኝ ብዬ ሄድኩ። አሮጌውን አምጪ አለኝ። ሰጠሁት። የእጁን ጀርባ ላስ አደረገና ቆዳው ላይ ሞነጫጨረበት። ጥቂት ቀለም ወጣ። «ይኼ ገና ሁለት ደብዳቤ ይጽፋል» ብሎ መለሰልኝ። በጣም ተናደድኩ። ሄጄ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩበት፤ ሦስተኛው ላይ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ተከራክሬው አላውቅም።

እንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ አይበዛለትም። አንድ ነበረው፤ ሹፌራችን ኢያሱ። ኢያሱ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ አለ፤ ፍጥነቱ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ መቀለጃ ነበር። ከኢያሱ ጋር የሚሄድ ስንቅ ይያዝ ይባላል። የኋላው ሹፌር ጡሩንባ ሲያስጮህበት እሱ መዝሙሩን ያንጎራጉራል። መስክ ካልወጣ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ስቶር ይገባል፤ «ጋሼ፣ ምሳ መጣች» ይላል። ሁለቱ በመደርደሪያዎቹ መሀል ካርቶን ገልብጠው ይበላሉ። ጋሽ ደምሴ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ኢያሱ ጴንጤ ነው፤ የኢያሱ ሚስት ግን ረቡዕና ዓርብን ሳትዘነጋ ክዳኑ ሰማያዊ በሆነ ሌላ ሳህን ጎደሬና ዳታ የሚሉትን የሚያቃጥል ማባያ ለብቻ ትልክ ነበር። በሃይማኖት ጉዳይ ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም። ሲከራከሩ የሰማኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ዳታው በዛ አልበዛም ብለው።

ነገሩ የጀመረው ከስልጠና ነው። ጋሽ ደምሴን ስለ ንብረት አያያዝ ስልጠና ሐዋሳ ልከውት ሲመለስ አንድ ነገር ተምሮ መጣ። ጎማ ዕድሜ አለው። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ዕድሜው የገፋ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ይደርቃል፣ ይጠነክራል፤ የደረቀ ጎማ አስፋልት አይጨብጥም፤ በዝናብ ጊዜማ ጭራሽ። ይህን ለሳምንት ያህል ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። እኛም ጎማ የሌለን ሰዎች አዎ አዎ እያልን ሰማነው።

በዚያው ሰሞን በዞናችን ሲሠራ የነበረ አንድ ፕሮጀክት ተዘግቶ የቀረ ዕቃውን ለመሥሪያ ቤታችን አስረከበ። በውስጡ ስድስት የፒክአፕ ጎማዎች ነበሩ። አንድም ቀን መሬት አልነኩም፤ አዲስ ጎማ ላይ የሚወጣው ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉር እንኳ ከላያቸው አልረገፈም። ጋሽ ደምሴ መነጽሩን አድርጎ ጎናቸውን አነበበ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች አሥር ይላሉ። ያን ጊዜ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ነበርን። ጠመኔ አመጣና በእያንዳንዱ ጎን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ «የ2010» ብሎ ጻፈባቸው። የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ብሎ ተደሰተ። ካርዳቸው ላይም «አዲስ» ብሎ መዘገበ፤ ለክፉ ቀን ብሎ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው።

ሦስት ዓመት አቆያቸው። ሌሎች ሹፌሮች ሲለምኑት እምቢ አለ። በመጨረሻ አራቱን ለኢያሱ ሰጠው፤ ኢያሱ ክረምቱን ሙሉ ወደ ቢጠና ሊመላለስ ስለነበር። ለሚወደው ሰው ያለውን ምርጥ ነገር ሰጠ። ጎማዎቹ ሲታሰሩ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ እያንዳንዳቸውን በመዳፉ ሁለት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋቸው። አራት ዓመታቸው ነው፣ ሁለት ዓመት ያለ ሐሳብ ይሄዳሉ ብሎ መረቀው።

ሐምሌ ላይ፣ ዲምቱ ከመድረሱ በፊት ባለው መታጠፊያ፣ ዝናብ እያካፋ፣ ፍየሎች መንገድ ገቡ። ኢያሱ ፍሬን ያዘ። ኋላ ሲነግረን፣ ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናው ግን አልሰማኝም ነበር ያለው። ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። የኢያሱ ቀኝ ክንድ ተሰበረ፤ አብሮት የነበረው የእርሻ ባለሙያ እግሩ ተሰበረ። ነፍስ በመትረፉ ሁላችንም አመሰገንን። ከዚያ ግን ጥፋተኛ የመፈለግ ሥራ መጣ። መኪናው ተመረመረ፤ ፍሬኑ ደህና፣ መሪው ደህና፣ ጎማዎቹ አዲስ። ስለዚህ የቀረው ፍጥነት ነው ተባለ። ያ ስንቅ ያዙለት ሲባል የኖረ ሰው በፍጥነት ተከሰሰ። ጉዳዩ በኮሚቴ እስኪታይ ከመንዳት ታገደ፤ ከሥራ እንደሚሰናበትም ይወራ ጀመር። እሱን የጎዳው ከሥራው ይልቅ ስሙ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት ሰዎች ምን ነው ቸኮልክ እያሉ ይጠይቁታል፤ አልቸኮልኩም ሲል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ጋሽ ደምሴ ከማንም በላይ ተቆጣለት። ኢያሱ አይቸኩልም፣ ኢያሱን አውቀዋለሁ እያለ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። ምሳቸውን አልተዉም። የኢያሱ ቀኝ እጅ ጄሶ ውስጥ ስለሆነ ጋሽ ደምሴ እየጠቀለለ ያጎርሰው ነበር።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። ደስ ብሎታል። ለደም ግፊቱ የሚወስደውን መድኃኒት ማሸጊያ አሳየኝ። የማለቂያ ዘመኑ ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ይላል፤ ገና ዘጠኝ ዓመት ስላለው ብዙ ብዙ አድርጎ ገዝቶ ሊያስቀምጥ አስቧል። እኔ ሳቄ መጣ። ቆጣቢነቱን አሁን በመድኃኒትም ጀመረ ብዬ።

«ጋሼ፣ ይሄኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስምንት ይቀንሱ» አልኩት። «በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል።»

እሱም ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ማሸጊያውን እያገላበጠ «ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ ምን አስቤ። ፊቱ አመድ መሰለ። ማሸጊያውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ሄደ፤ የቁልፎቹ ድምፅ ከወትሮው ፈጥኖ ራቀ።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱን ልመልስለት ሄድኩ። የቀሩትን ሁለት ጎማዎች ከመደርደሪያው አውርዶ ፊት ለፊታቸው ካርቶን ላይ ተቀምጧል። በእርጥብ ጨርቅ የራሱን የጠመኔ ጽሕፈት አጥፍቶታል። የአውራ ጣቱን ጥፍር ጎማው ላይ ተከለና አሳየኝ፤ ጥፍሩ አልገባም። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው፣ አገልግሎ ወደተመለሰ ጎማ ዞረ። ጥርሱ ያለቀ ነው፤ ጥፍሩ ግን ገባ፣ ሲያነሳው ጎማው ወደ ቅርጹ ተመለሰ። በፈረንጅ አሥር ማለት በእኛ ሁለት ሺህ ሁለት ነው። አራት ዓመቱ ነው ብሎ ለኢያሱ ያሰረለት ጎማ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። እኔ ራሴ ልንገረው፣ ከእኔ አፍ ይስማው አለኝ። ተገቢ ነገር መሰለኝና እሺ አልኩ።

በማግስቱ አልነገረውም። በሠልስቱም አልነገረውም። በስቶሩ በር ሳልፍ አያለሁ፤ ጋሽ ደምሴ ጎደሬውን ዳታ እያስነካ ያጎርሳል፣ ኢያሱ አፉን ከፍቶ ይቀበላል። አራተኛው ቀን ላይ መቼ ነው የሚነግሩት ብዬ ተቆጣሁት። ነገ አለኝ። ያ የእስክሪብቶ ቀለም ጠብታ እንኳ እንዲባክን የማይፈቅድ ሰው ነገ፣ ነገ እያለ ዘጠኝ ቀን ገፋ። ፈርቶ ነበር። ሥራውን እንዳያጣ የፈራ መስሎኝ ነበር ያን ጊዜ፤ ጡረታው ቀርቧልና። አሁን ሳስበው የፈራው ስድስት ሰዓት ላይ በሩን የሚከፍትለት ሰው እንዳያጣ ነው። በዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ኖሮ ምሳ በልተሃል የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እኔም ምላሴን ዋጥኩ። ኢያሱ በየቀኑ ጠረጴዛዬ አጠገብ ያልፋል፣ በራሳችን ቋንቋ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ጉዳዩ የሰማሁት ነገር እንዳለ ይጠይቀኛል። ምንም አልሰማሁም እለዋለሁ።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ቀን ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ሳይጠራ ገባ። በአንድ እጁ ውሃ የሞላ ጆግ፣ በሌላው የጨርቅ ከረጢት ይዟል። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም።

«ኢያሱ አልቸኮለም» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጎማው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁጥሩን ያነበብኩት በእኛ ዘመን ነው።»

ሰብሳቢው አልገባውም። ካርዱን አገላብጦ፣ ጎማው አዲስ ይላል አይደለም ወይ ሲል ጠየቀው። ጋሽ ደምሴ፣ አዲስ ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ አለ። ሰብሳቢው አንድም ቀን ያልተነዳ ጎማ በምን ሒሳብ አሮጌ እንደሚሆን፣ መመሪያው ላይስ ስለ ጎማ ዕድሜ የት እንደተጻፈ ይጠይቅ ጀመር። ያኔ ጋሽ ደምሴ ከረጢቱን ከፈተ።

ሁለት መዳፍ የሚያህሉ የጎማ ቁራጮች አወጣ። አንዱ ካለቀው ጎማ የተቆረጠ ነው፤ መላጣ ነው። ሁለተኛው ግን ጥልቅ ጥርስ አለው፤ ፀጉሩም ገና ላዩ ላይ ነው። ጋሽ ደምሴ፣ ያ ጋሽ ደምሴ፣ የመንግሥትን አዲስ ጎማ ማንንም ሳያስፈቅድ በመጋዝ ቆርጦታል።

ከዚያ ከስቶር አምጥቶ ውጭ ያስደገፈውን የተነቀለ በር አስገብቶ ወለሉ ላይ አስተኛ፤ ውሃ አፈሰሰበት። ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ከከረጢቱ ያወጣውን እኩል ጡብ ጫነባቸው። የበሩን አንድ ጫፍ ይዞ ቀስ እያለ ማንሳት ጀመረ። ትንሽ ከፍ እንዳለ አዲስ የሚመስለው ጡቡን ተሸክሞ ቁልቁል ሸሸና የሰብሳቢው ጫማ ሥር ጓ ብሎ አረፈ። መላጣው ባለበት ቆየ። ጋሽ ደምሴ በሩን የበለጠ አነሳው፤ መላጣው አሁንም ቆየ። ጡቦቹን አቀያይሮ ደገመው። ቦታቸውን አቀያይሮ ሠለሰው። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወርደው ያው አዲሱ ነው።

«ጎማ ሲነዳ ብቻ አይደለም የሚያልቀው» አለ እያለከለከ። «ተቀምጦም ያልቃል። ተቀምጦ ያለቀው ይከፋል፤ ሲያዩት አዲስ ነው።»

እኔ እንኳ መጻፌን ትቼ ነበር። በመጨረሻ ኢያሱ ከተቀመጠበት ጥግ ድምፁን ሰማነው።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቅከው?»

ጋሽ ደምሴ በሩን መሬት አስቀመጠ። ዛሬ ብሎ መዋሸት ይችል ነበር። እኔም አላጋልጠውም ነበር።

«ዘጠኝ ቀኔ ነው» አለ።

ኢያሱ ጄሶ የታሰረ እጁን ትንሽ ተመለከተው። ከዚያ ተነስቶ ወጣ፤ የክፍሉንም በር ቀስ አድርጎ ዘጋው። ጋሽ ደምሴ በሩን እያየ ቆሞ ቀረ። የፈሰሰው ውሃ ጫማው ሥር ደርሶ ነበር።

ኢያሱ ነጻ ወጣ፤ ክንዱ ሲድን ወደ መሪው ተመለሰ፤ ስሙም ተመለሰለት። ጋሽ ደምሴ በሁለት ነገር ተጠየቀ፤ በቸልተኝነትና ያለፈቃድ የመንግሥት ንብረት በመቁረጥ። የሚገርመው የተቆጡበት በሁለተኛው ነው። ቁልፉን አስረከበና እስከ ጡረታው ድረስ እኔ ጎን፣ አሮጌ ፋይሎች ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ያን የከመነዳሪ ላስቲክ ግን አልፈታውም፤ ባዶውን ወገቡ ላይ ታስሮ ይውላል። ሲራመድ ድምፅ ስለሌለው መምጣቱ አይታወቅም ነበር፤ ብዙ ጊዜ አስደንግጦኛል።

ምሳው ቀረ። ኢያሱ ሰላም ይለዋል፣ ከዚያ ያልፋል። ጋሽ ደምሴ ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳቦውን ያወጣና «አማረች፣ ምሳ በልተሻል?» ይለኛል። በልቻለሁ እለዋለሁ። ሳልበላም በልቻለሁ እለው ነበር። ከእሱ ጋር መቀመጥ ከበደኝ፤ ፊቱን ባየሁ ቁጥር ያን ነገ፣ ነገ ማለቱን እሰማዋለሁ፣ የራሴንም ዝምታ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን ያንን ሰማያዊ ክዳን ያለውን ሳህን አጥቦ አምጥቶ ለኢያሱ እንዳደርስለት ለመነኝ። በመጨረሻው ቀን ስቶር ውስጥ የቀረ ነው። እግር አለዎት፣ ራስዎ ያድርሱ አልኩት። ያልኩት ለበጎ ነበር፤ በዚያ ሰበብ ይታረቃሉ ብዬ። ሳህኑን በጋዜጣ ጠቀለለና ይዞት ሄደ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ደብረ ብርሃን ይገባል ስንል ሶዶ ቀረ። ማለዳ መናኸሪያ ይሄዳል። ወደ ቦምቤ፣ ወደ ቢጠና የሚጫኑ መኪናዎች አጠገብ ቁጢጥ ይላል፤ መነጽሩን ያደርጋል፤ ጥፍሩን ጎማው ላይ ይተክላል፤ ቁጥሩን ያነባል። ከዚያ ሹፌሩን ይጠራና ስምንት ቀንስ ይለዋል። መጀመሪያ እንደ እብድ ቆጠሩት። ጎማ ሻጮች ገበያ ያበላሽብናል ብለው አባረሩት። ረዳቶቹ ሲያዩት ስምንት ቀንስ መጣ እያሉ ይጮኻሉ፤ ያ ስሙ ሆኖ ቀረ። ቆይቶ ግን አንዳንድ ሹፌሮች ራሳቸው ይጠሩት ጀመር። ጎማ ከመግዛታቸው በፊት መጥቶ እንዲያይላቸው ይለምኑታል። ሻይ ሲጋብዙት ግን ቸኩያለሁ ይላቸዋል፤ ወዴት እንደሚቸኩል እግዜር ይወቅ።

እኔ አንድ ሁለቴ መናኸሪያ አየሁት። አንድ ጊዜ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ያ ግራጫ ጋዋን ጀርባው ላይ ተጣብቆ አንድ ሚኒባስ ሥር አጎንብሷል። ልጠራው አስቤ ነበር። ከዚያ ምሳ በልተሻል ሲለኝ ታየኝና በመኪናዎቹ ጀርባ ዞሬ ሄድኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ወሬውን የሰማሁ ለት ዕቃውን ለማየት ክፍሉን የከፈትነው እኔና አከራይዋ ነን። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ። ጓደኛ ቢመጣበት የሚያስቀምጥበት ሁለተኛ ወንበር የለውም። ዕቃዎቹ ሁሉ ላይ ስቶር እያለ እንደሚያደርገው ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ወንበሩ ላይ፣ ባልዲው ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ። መስኮቱ ላይ ሰማያዊ ክዳን ያለው ሳህን አለ። ካርዱን አነበብኩት። «የሰው ንብረት» ይላል። ገቢ አንድ። የወጪው ዓምድ ባዶ ነው።

ቁጥሯን ከድሮ ፋይሉ ያገኘሁላት እህቱ በስልክ ስታለቅስ ቆየችና አገሩ፣ ደብረ ብርሃን፣ እንዲቀበር ለመነችን። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ማን ጠይቆ እንዳስፈቀደ የሰማሁት ማታ ነው። ኢያሱ ነው።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ግቢ ደረስኩ። የዳሞታ ተራራ ደመና ለብሶ አናቱ አይታይም። ሳጥኑ ፒክአፑ ላይ ተጭኗል፤ ከአከራይዋ ዕድር የመጡ ሁለት ሰዎች ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ኢያሱን አጣሁት። ዞሬ ስፈልገው የኋላ ግራ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። በአንድ እጁ የስልኩን መብራት ጎኑ ላይ አብርቷል፤ በሌላው፣ በዚያ ተሰብሮ በዳነው፣ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጎማው ላይ ተክሏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይቀንሳል።

ከክፍሉ ያመጣሁትን ሳህን አሳየሁት። ካርዱን አነበበ፤ መልሶ ሰጠኝ። ሳያየኝ በወላይትኛ ተናገረ።

«ዘጠኝ ቀን ከእጁ በላሁ» አለ። «በአፌ ይቅር ያልኩት በዚያው ሳምንት እሁድ ነው። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ። በሩ ድረስ እመጣና እመለስ ነበር።»

ሁለተኛውን ጎማ ጨርሶ ወደ ሦስተኛው አለፈ። ተከተልኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ይህ ሰው ከእኔ ጋር ይስቃል፣ ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣል። ያ ሌላው ብቻውን ዳቦውን በላ።

«እኔም አውቅ ነበር» አልኩት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

የስልኩ መብራት ጎማው ላይ ቆመ። ኢያሱ አላየኝም። ከዚያ ተነስቶ ወደ አራተኛው ሄደ። ጥፍሩን ተከለ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ቀነሰ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ዞሮ መጣና የፊቱን በር ከፈተ።

«ግቢ፤ ዝናቡ ሳይቀድመን» አለኝ።

ገባሁ። ሳህኑን ጭኔ ላይ ያዝኩ። እንደ ልማዱ በዝግታ ነዳ፤ ከኋላችን የመጣ ሚኒባስ ጡሩንባውን አስጮኸብን፣ አልሰማ አለ። የከተማውን መውጫ አለፍን። ከዚያ ኢያሱ መንገዱን እያየ «በልተሻል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አልበላሁም» አልኩት።